በረዶው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

ስለ ጀልባ፣ ስለ መረብና ስለ ጣና የምትጽፉልኝን ጥያቄዎች የምመልስበት አምድ ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ሆኑ፦ ውኃ ላይ ስንወጣ ምን እንልበስ፣ ምን እንያዝ? አንዱ ደብዳቤ ግን ከጣና አርቆ ወሰደኝ። ከእሱ ልጀምር።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ታንኳ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሚኒሶታ ይኖራል። ቪዛ አግኝቻለሁና ለገና እሱ ጋ ልሄድ ነው። እሱና ጓደኞቹ ሚል ላክስ የሚባል ሐይቅ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ይወጡና ቀዳዳ በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ። «ዕቃ ልግዛልህ፣ ምረጥ» ብሎ ዝርዝር ላከልኝ፦ የሚንሳፈፍ ቱታ፣ ለጫማ የሚሆን የብረት ጥርስ፣ መሰርሰሪያ፣ ድንኳን፣ የጋዝ ማሞቂያ፣ ገመድ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ሁለት ሹል ነገሮች። ሁሉንም ግዛልኝ ማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ዋና በደንብ ስለምችል ቱታው የሚቀር መሰለኝ። የትኛው ነው የግድ? — ታንኳ ቀዛፊው፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ወንድምህም ልባም ሰው ነው። ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የማጥመጃ ዘንጉን ነው።

እኔም ልጄ እዚያ ስላለ አንድ ክረምት ሚኒሶታ አሳልፌያለሁ። ክረምት ስልህ የእነሱን ነው፤ ታኅሣሥና ጥርን። ሚል ላክስ ላይም ቆሜያለሁ። ስፋቱ ለጣና ልጅ አያስደነግጥም፤ ጣና ስድስት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ጥልቀታቸው ግን ይቀራረባል። የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ የእነሱ 13። የሚለየው ውኃው ነው። የእኛ ውኃ በቀዝቃዛው ወር እንኳ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእነሱ፣ ከበረዶው ሥር ያለው፣ ዜሮ አጠገብ ነው።

ስለዚህ ዋናህን ለጊዜው እርሳው። ካናዳ፣ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ጎርደን ጊዝብሬክት የሚባሉ ፕሮፌሰር አሉ። ሰውዬው ራሳቸው በረዶ ውኃ ውስጥ እየገቡ ነው የሚያጠኑት። የሚያስተምሩት «አንድ፣ አሥር፣ አንድ» የሚል ነገር ነው። በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ትንፋሽህ ከቁጥጥርህ ውጭ ይሆናል፤ ሳትፈልግ አየር ትስባለህ። አፍህ ከውኃ በታች ከሆነ የምትስበው ውኃ ነው። ቀጥሎ ባሉት አሥር ደቂቃዎች እጅና እግርህ ይታዘዙሃል፤ ከዚያ በኋላ ጣትህ ገመድ እንኳ አይጨብጥም። ራስህን የምትስተው ግን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይተህ ነው። ብዙ ሰው በረዶ ውኃ ውስጥ የገባ ወዲያው በብርድ የሚያልቅ ይመስለዋል። የሚያልቀው ግን ብርዱ ሳይገድለው በፊት፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ በድንጋጤ ውኃ ጠጥቶ ወይም ክንዱ ከድቶት ነው። ዋናተኛም ሆነ አልሆነ።

የዕቃ ምርጫህም ከዚህ ይነሳ። በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች እጅህ የሚደርስበት ዕቃ ይቀድማል። ቦርሳ ውስጥ ያለውን፣ ድንኳን ውስጥ የቀረውን፣ መኪናው ኋላ የተጫነውን አዲስ አበባ እንዳለ ቁጠረው።

አንደኛ፣ ሁለቱ ሹል ነገሮች። ዝርዝሩ ላይ ርካሾቹ እነሱ ናቸው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምገዛው እነሱን ነው። እናቶቻችን ስፌት የሚሰፉበትን ወስፌ አስብ፤ እጀታው ወፈር ያለና የሚንሳፈፍ፣ ብረቱ አጭር። ሁለቱ በገመድ ተያይዘው አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ። ስትመርጥ ጓንትህን እንዳደረግህ ያዛቸው። በጓንት ካልተጨበጡ ሌላ ፈልግ። ጫፋቸው ክዳን ይኑረው፣ አለዚያ ስትወድቅ ደረትህን ነው የሚወጉት። ገመዱም እስከ እምብርትህ አይውረድ። ከካፖርቱ ላይ ይዋሉ እንጂ ዚፕ ተዘግቶባቸው ከውስጥ አይቀሩ።

አጠቃቀሙን እዚሁ አገርህ እያለህ ልመደው። በረዶው ቢከዳህ መጀመሪያ ትንፋሽህን አረጋጋ። ልብስህን ለማውለቅ አትታገል፤ በውስጡ የታሰረው አየር ለጊዜው ይረዳሃል። ፊትህን ወደ መጣህበት አዙር፤ ያኛው በረዶ ቢያንስ እስካሁን ተሸክሞሃል። ክንድህን ዘርግተህ ወስፌዎቹን ውጋ። እግርህን ወደ ኋላ እያራገብክ፣ በሆድህ እየተንሸራተትክ ውጣ። የራሰ በረዶ በባዶ እጅ አይያዝም፣ ጓንት ደግሞ ይባስ ያዳልጣል። ከወጣህ በኋላ ብድግ አትበል፤ ተንከባለል። ተንከባልለህ ራቅ በልና ከዚያ ቁም።

ሁለተኛ፣ ወንድምህ ዝርዝሩ ላይ ያልጻፈው ነገር አለ፤ ዲጂኖ የመሰለ ረጅም ብረት። ምናልባት እሱ ጋ ስላለ ይሆናል። የልጄ ጎረቤት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሐይቁ ላይ ሲራመድ ከፊቱ ያለውን በዚያ ብረት ጠንከር አድርጎ ይመታ ነበር። ድፍን ድምፅ ከሰጠው ይራመዳል። አንድ ቦታ ብረቱ በአንድ ምት ሾልኮ ውኃ ፈለቀ። ሰውዬው ምንም አላለም። እግሩን እየጎተተ፣ በራሱ ዱካ ላይ ወደ ኋላ ሄደ። እኛም ተከተልነው።

ውፍረቱን ደግሞ ለካ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ የሚመክረው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ነው። አራት ጣትህን ገጥመህ አውራ ጣትህን ስትጨምርበት ያን ያህል ይሆናል። ለትንሽ መኪና ከ23 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይላሉ። ይህ ሁሉ መስተዋት ለመሰለው በረዶ ነው። በረዶው ነጭ ከሆነ ቁጥሩን እጥፍ አድርገው። ግራጫ ከሆነ ወደ ቤት ግባ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ መቶ በመቶ አስተማማኝ በረዶ የለም ነው የሚለው። አንድ ቦታ ለክተህም አትርካ፤ በየጥቂት እርምጃው ይለያያል። ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ጨራ ጨራን አስብ። ጣና በረዶ የሚሆን ሐይቅ ቢሆን ኖሮ የሚሳሳው እዚያ ነበር፤ የሚሄድ ውኃ በረዶን ከሥር ይበላዋል። ደንገልና ሣር ያለበት ዳርቻም እንደዚሁ ነው። ወንዝ የሚገባበትን፣ የሚወጣበትን፣ ድልድይ ሥር ያለውን ሽሽ። በላዩ የተቆለለ አመዳይም እንደ ብርድ ልብስ ነውና ውኃው ቶሎ እንዳይጠነክር ያደርገዋል።

ሦስተኛ ቱታው። ዋጋው በመቶ ዶላሮች ነው፤ ይሉኝታህ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ወፍራም የበረዶ ቱታ ሁሉ አይንሳፈፍም። አንዳንዱ «ለመንሳፈፍ ያግዛል» ይላል እንጂ እንደ ላይፍ ጃኬት ተፈትኖ የጸደቀ አይደለም። የውስጥ መለያው ላይ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ማረጋገጫ መኖሩን ወንድምህ ያንብብልህ። ከበዛበት ደግሞ ተራ የስፖንጅ ላይፍ ጃኬት ከካፖርትህ ላይ ልበስ። በጥቂት ዶላር የማንሳፈፉን ሥራ ይሠራል፣ ከዚያም በጋ ላይ ጀልባ ላይ ትለብሰዋለህ። አንድ ነገር ብቻ፦ በረዶ ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሆነህ አትልበሰው። መኪናው ቢሰምጥ ጣሪያው ላይ ይለጥፍሃል፤ በመስኮት መውጣት ያቅትሃል።

የጫማው ጥርስ ርካሽ ነው፣ ተቀበለው። ሰው በረዶ ላይ የሚጎዳው ከመስጠም ይልቅ ወድቆ ነው ባይ ነኝ፤ ቂጥ ያላለ እንግዳ አላየሁም። ገመድ ጓደኛ ላይ የሚወረወር ነውና ከናንተ መሀል አንዱ ይያዘው። የወደቀ ካለ አትሩጥለት፤ በሆድህ ተኝተህ ወርውርለት። ፊሽካ አንገትህ ላይ፣ ስልክህ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪስህ ውስጥ። 911 የሚለውን ቁጥርም ያዝ። መሰርሰሪያ አትግዛ፤ ለአንድ ቡድን አንድ ይበቃል።

ድንኳኑና ማሞቂያው ላይ ግን ልቆይ። እኛ አገር በዝግ ቤት የከሰል ምድጃ አስገብቶ የተኛ ሰው ጠዋት ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። የጋዝ ማሞቂያም ድንኳን ውስጥ ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ማሞቂያ ካለ የላይኛውም የታችኛውም የድንኳን መስኮት ክፍት ይሁን። በባትሪ የሚሠራ የጋዙ ማንቂያ ደወልም ይግባ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ከመጣ ለምክክር አትቀመጥ፣ ውጣ። ከወንድምህ ዝርዝር ውስጥ ማሞቂያውን የምሰርዝና በምትኩ ደወሉን የምጽፍ እኔ ነኝ።

ልብስህ ሱፍ ይሁን። ከሥር የጥጥ ካናቴራ አታድርግ፤ ላብህን ይይዝና ያበርድሃል። ጋቢህን ለቤት ውስጥ ተውለት። ደግሞም የማጥመድ ፈቃድ እንዲያወጣልህ ንገረው፤ እዚያ እንደ እኛ ዝም ብሎ አይጣልም።

ሰላም ጋሼ። ባለቤቴ በሞተር ጀልባ መረብ ይጥላል። የ12 ዓመት ልጃችንም በዕረፍት ቀን አብሮት ይሄዳል። ሰሞኑን አንድ ሰው ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት በርካሽ እየሸጠ መጣ። ባለቤቴ «ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ምን ገንዘብ ያስጨርሳል» ይላል። እኔ ለሁለቱም ልገዛ ነው። ደኅናውን በምን ልለየው? — ከሽምብጥ

እህቴ፣ ግዢ። ከዚያ ሰውዬ ከመግዛትሽ በፊት ግን ገንዘብ አስይዘሽ አንዱን እቤት ውሰጂና ፈትኚው። ካልፈቀደልሽ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

መጀመሪያ የውስጥ መለያውን አንብቢ። የሚሸከመው የሰው ክብደትና «ኒውተን» የሚባለው ቁጥር ይጻፍበታል። 10 ኒውተን አንድ ኪሎ ሽቅብ እንደሚይዝ ቁጠሪው። ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚቀረው ክብደት ጥቂት ኪሎ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልሽ አትገረሚ። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና ዳር አጠገብ ላለ ሰው ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው ፊት ሽቅብ አይዞርም። ለባለቤትሽ 100 ወይም 150 ይሁን። ቁጥር የሌለው ጃኬት ልብስ ነው።

ቁጥር ቢኖረውም አትመኚ፤ መለያ መስፋት ቀላል ነው። በ2008 ዓ.ም. ቱርክ ኢዝሚር ላይ ፖሊስ ከ1,200 በላይ ሐሰተኛ ላይፍ ጃኬቶች ይዟል፤ ባሕር ለሚሻገሩ ስደተኞች የሚሸጡ ነበሩ። ውስጣቸው ውኃ የሚጠጣ የማሸጊያ ስፖንጅ ነበር። ከላይ ሲያዩዋቸው ምንም አይሉም።

ስለዚህ በርሜል ውኃ ሙዪ። ጃኬቱን ድንጋይ ጭነሽ ከውኃ በታች አሳድሪው። ጠዋት ከገበያ ሁለት ባለ 5 ኪሎ የሚዛን ብረት ተዋሺና እሰሪበት። 100 ኒውተን የተባለ የአዋቂ ጃኬት እነሱን ተሸክሞ መንሳፈፍ አለበት። ከሰመጠ ለሰውዬው መልሺለት፤ ለጎረቤትም ንገሪ። ስፖንጁንም በእጅሽ ጨምቂው። ደኅናው ይመለሳል። የሚፈረፈር ወይም እንደተጨመቀ የሚቀር ከሆነ አርጅቷል። ማሰሪያውን በሙሉ ጉልበትሽ ሳቢ። ፀሐይ ያነጣው ጨርቅ ሲሳብ ይቀደዳል።

ቀጥሎ ልኩ። ባለቤትሽ ለብሶ ሁሉንም ማሰሪያ ይዝጋ፣ አንቺ ትከሻው ላይ ይዘሽ ሽቅብ ሳቢ። አገጩን አልፎ ጆሮው ላይ ከደረሰ ሰፊ ነው። ለልጁ ደግሞ እባክሽ «ያድግበታል» ብለሽ ሰፊ አትግዢ። የትምህርት ቤት ሹራብ ያድግበታል፤ ሰፊ ላይፍ ጃኬት ግን ልጁን ከሥር አሹልኮ ብቻውን ይንሳፈፋል። ለልጅ በእግር መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው፣ ከአንገት ኋላ መጎተቻ ያለው ይመረጣል። ከገዛሽ በኋላ ዳር ላይ፣ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ አንድ ጊዜ አስሞክሪው። አፉ ከውኃ በላይ መቅረቱን በዓይንሽ እዪ።

ባለቤትሽ ያለው እውነት ነው፣ ጣና ጥልቅ አይደለም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው እንግዲህ ነፋስ ሲመታው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል የሚያነሳው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባ ላይ የነበረ ሰው የምለውን ያውቃል። መረብ እየሳበ አንድ ጎን ያጋደለ ጀልባ ደግሞ ለዚያ ማዕበል ምቹ ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ደኅና ጃኬት ካልበቃ የልጁ ይቅደም። እስከዚያው ባለ 5 ሊትር ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ፣ አሥር ሜትር ገመድ አስራችሁ ጀልባው አፍ ላይ አኑሩ። ወደ 5 ኪሎ ይይዛል፤ ለወደቀ ሰው ይወረወራል። ጀሪካን የጃኬት ምትክ አይደለም፤ ከምንም ግን ይሻላል። ቢለዋም በቀኝ እጁ በኩል ይሰካ፤ መረብ እግር ላይ ሲጠመጠም ቋጠሮ የሚፈታ ሰው የለም።

ጋሼ፣ ዘመዴ ከውጭ ራሱ የሚነፋ ቀጭን ላይፍ ጃኬት ሊልክልኝ ነው። ለታንኳ ይሆናል? — ከጎርጎራ

ለታንኳ አልመርጥልህም። ውስጡ ያለው የጋዝ ጥይት አንዴ ከተኮሰ አዲስ ይፈልጋል፤ ጎርጎራ ላይ ከየት ታመጣለህ? ብዙዎቹ ውኃ ሲነካቸው በሚሟሟ ክኒን ነው የሚነፉት። ታንኳ ላይ ደግሞ ቂጥህ ሳይርስ ውለህ አታውቅም። በክረምት ዝናብ ቢነፋብህስ? ዘመድህ ልላክ ካለ የስፖንጁን ይላክ። ጥይት ያለበትን ዕቃ በአውሮፕላን ለመላክም አየር መንገዱን ቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ይህም ራሱ አንድ ጣጣ ነው።

ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎቼን ይዤ በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት ልሄድ ነው። ከባለ ጀልባው ምን ልጠይቅ? — መምህርት፣ ባሕር ዳር

መምህርት፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጀልባው ላይ ወጥተው ጃኬቶቹን በእጅዎ ይቁጠሩ። «አለ፣ አለ» የሚለው አይቆጠርም። ወንበር ሥር በዘይት ጣሳና በገመድ የተቀበረም አይቆጠርም። ተማሪዎቹ ወደቡ ላይ ሆነው ይልበሱ፤ ማሰሪያውን እርስዎ ወይም የክፍል አለቃዋ በየተራ ትይ። ለትንንሾቹ የሚሆን ልክ መኖሩን ለብቻው ይጠይቁ፤ አብዛኛው ጀልባ ያለው የአዋቂ ነው። ሰማዩ ከጠቆረና መብረቅ ከታየ አይሳፈሩ። ጠዋት በጊዜ ሄዳችሁ ነፋሱ ሳይነሳ ለመመለስ ከባለ ጀልባው ጋር ይስማሙ፤ ምሳውን ባሕር ዳር ይብሉ። ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ወደ አንድ ጎን እንዳይሄዱም ያስጠንቅቁ፤ ጉማሬ የታየ ዕለት ይህ ነው የሚያስቸግረው። ጃኬቱ ከሰው ቁጥር በአንድ እንኳ ካነሰ ሌላ ጀልባ ይያዙ። ወደቡ ላይ ሞልቷል።